ውሻዬን ሙቀት ጥሎታል፣ አሁኑኑ ምን ላድርግ? (ድሬዳዋ)

የከዚራዋ (ከቀኑ 8፡10)
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ውሻዬ ግቢ ውስጥ ወድቋል። ሊነሳ ሲሞክር እግሮቹ ከዱት። ምላሱ ወጥቶ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ለሃጩ ወፍሮ ይዝረከረካል፣ አንዴም አስታውኳል። ስጠራው ዓይኑን ያንቀሳቅሳል እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ውሃ ሳቀርብለት አይጠጣም። የማውቃቸው ሐኪም ስልክ አያነሱም።

የሳቢያን ልጅ (8፡12)
ወተት አጠጪው! ወተት መርዝ ያረክሳል። ለጅብ ተብሎ የተጣለ ሥጋ በልቶ ይሆናል።

ሐኪም ዘምሥራቅ (8፡13)
ወተት እንዳትሰጪው። ራሱን በደንብ የማያውቅ ውሻ አፍ ውስጥ ምንም ነገር አይፈስስም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሌላ አደጋ ያመጣል። እህቴ፣ የጻፍሽው ሁሉ ሙቀት የመታው ውሻ ምልክት ነው። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ሐኪም ቤት ከዚያ በኋላ።

ጥላ ውስጥ አስገቢው። ገላውን በሙሉ ውሃ አፍስሺበት፤ አንገቱን፣ ብብቱን፣ ሆዱን፣ የእግሮቹን መሐል አርሺው። ፀጉሩ ብቻ ረጥቦ እንዳይቀር ውሃው ቆዳው ድረስ እንዲደርስ በእጅሽ እያሸሽ። ከዚያ በካርቶን ይሁን በሰፌድ ሳታቋርጪ አራግቢለት። ውሃ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ የሚሄደው ንፋሱ ነው። ከጣሪያው ታንከር እንዳትቀጂ፤ የድሬ የጣሪያ ውሃ በዚህ ሰዓት እጅ ያቃጥላል። ቤት ውስጥ ያለውን የበርሜል ውሃ ተጠቀሚ።

ቀልደኛው ለገሃሬ (8፡15)
በዚህ ሙቀት እኛም መውደቃችን አይቀርም፤ ለኛም የሚያራግብ ይፈለግልን!

ጥንቃቄ ይቅደም (8፡16)
ቆዩ እስቲ። ሁላችሁም «ሙቀት ነው» ብላችሁ ደመደማችሁ። ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ውሃ አልጠጣም ብሏል፣ እግሩ አልታዘዘውም። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ቢሆንስ? በአገራችን በዚህ በሽታ ስንት ሰው እንደሚሞት እያወቃችሁ «በእጅሽ እያሸሽ» ትሏታላችሁ? እኔ ብሆን አልነካውም፤ በሩን ዘግቼ ባለሙያ እጠራለሁ።

ሐኪም ዘምሥራቅ (8፡18)
ስጋትህ ተገቢ ነው፤ በኢትዮጵያ ውሻ ሲታመም ይህ ጥያቄ መነሳት አለበት። ለዚህ ነው ሁለት ነገር የምጠይቃት። እህቴ፣ ተከትቧል ወይ? ዛሬ ጠዋት እንዴት ነበር?

የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ ከሰዓት የሚመጣ አይደለም። ቀናት እየቆጠረ ነው የሚገባው፦ ጠባዩ ይለወጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ውሃ መፍራት የምንለው ምልክት የሚታየው በሰው ላይ ነው። ለማንኛውም እጅሽ ላይ ቁስል ካለ ላስቲክ አጥልቂበት። ለሃጩ ቁስል ከነካ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥበሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማራገቡን ግን አታቋርጪ።

የከዚራዋ (8፡22)
ውሃ እያፈሰስኩበት ነው፤ የጎረቤት ልጅ ያራግባል። ጠዋት ደህና ነበር፣ ቁርሱን በልቶ ተጫውቷል። ክትባቱን ከአዲስ አበባ ሳያመጡት በፊት ወስዷል፤ ወረቀቱ አለኝ። ጀርመን ሼፐርድ ነው። ወንድሜ ለጥበቃ ብሎ ካመጣው ገና ወር አልሞላውም። ቀን ቀን ዘበኛው ከቆርቆሮው ሥር ያስረዋል፣ ጥላ ስላለው።

ነባሩ ድሬ (8፡25)
ልጄ፣ አሁን ነገሩ ገባኝ። እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ አርጅቻለሁ፤ በዚህ ወር እንደዚህ የሚወድቅ ውሻ ሁሌም ከደጋ የመጣ ነው። እናንተ ሙቀት ሙቀት ትላላችሁ፤ ሙቀቱማ ድሮም ነበረ። ጥፋቱ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በብርድ ያደገን እንስሳ በግንቦት አምጥቶ 1,200 ሜትር ላይ ማሰር ነው። የሰፈራችንን ውሾች ተመልከቱ። ፀሐይ ሳይበረታ ሥራቸውን ይጨርሳሉ፤ ከረፋድ በኋላ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ጭረው እርጥቡ ውስጥ ይተኛሉ፤ ማታ ነው የሚነሱት። ማንም አላስተማራቸውም። የታሰረ ውሻ ግን የት ይጭራል? የት ይሸሻል?

ደግሞም ቆርቆሮ ጥላ አይደለም። ፀሐዩን ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች የሚያወርድ ምድጃ ነው። ከዛፍ ጥላ ጋር ማወዳደር አይገባም። የከዚራ ሰው ሆነሽ፣ መንገዱ ሁሉ ዛፍ በሆነበት ሰፈር፣ ውሻ ከቆርቆሮ ሥር ይታሰራል? አሁኑኑ ፀጉሩን በሙሉ ላጪው፤ ያን ካፖርት ለብሶ እንዴት ይተነፍሳል?

ሐኪም ዘምሥራቅ (8፡28)
ጋሼ ነባሩ፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ ደጋው የተናገሩት እውነት ነው። የእንስሳ ገላ ሙቀትን ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። መላጨቱን ግን አልስማማበትም። የሼፐርድ ፀጉር ሁለት ድርብ ነው፤ የላይኛው ቆዳውን ከፀሐይ ይከላከላል። ከተላጨ ቆዳው ይቃጠላል። በሌላ ጊዜ የውስጡን የረገፈ ለስላሳ ፀጉር በማበጠሪያ ማውጣት ይበቃል። ዛሬ ግን ለማበጠርም ጊዜ የለም።

እህቴ፣ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ አለሽ? የሰው ይሁን፣ ግድ የለም። ጫፉን ቫዝሊን ቀብተሽ በፊንጢጣው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አስገቢ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ነው። ድዱንም እይው፦ ምን ዓይነት ቀለም አለው? በጣትሽ ተጭነሽ ስትለቂው የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት።

የሳቢያን ልጅ (8፡30)
ወተቱ እኮ ጎረቤቴን ውሻ አድኗል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ ብትጨምሪበት ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ባለ ፋርማሲ (8፡31)
ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቀይ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። እባክህ ወንድሜ፣ የደከመ እንስሳ ላይ አትጨምርበት።

እናት ለልጆቿ (8፡32)
ትኩሳት ከሆነ ግማሽ ፓራሲታሞል ብትሰጪውስ? ለልጆቼ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ባለ ፋርማሲ (8፡34)
እትዬ፣ በጭራሽ። ይህ ትኩሳት አይደለም። በትኩሳት ጊዜ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው አእምሮ ራሱ ነው፤ ፓራሲታሞል የሚሠራውም እዚያ ነው። ይህ ውሻ ግን ከውጭ የመጣ ሙቀት አላወጣ ብሎት ነው የወደቀው፤ ክኒኑ ምንም አይፈይድለትም፣ ጉበቱን ግን ይጎዳል። ድመት ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙልኝ፦ አንድ ክኒን ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለውሻ አይሰጡም፤ ኩላሊትና ጨጓራ ያበላሻሉ።

የከዚራዋ (8፡36)
41.3 ይላል። ድዱ በጣም ቀልቷል። ስጫነው ቶሎ ይመለሳል። ጎረቤት ከሱቅ በረዶ ገዝታ አምጥታለች፤ ልጠቀምበት? በእርጥብ ፎጣም ሸፍኜዋለሁ።

ዱባይ የምኖር እህታችሁ (8፡38)
ፎጣውን አንሺው የኔ እህት! እኔ በምሠራበት ቤት ውሾች አሉ፤ የእንስሳት ሐኪሟ ለሁላችንም ያሳየችን ይህንኑ ነው። ላዩ ላይ የተዘረጋ እርጥብ ፎጣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይሞቅና እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ያፍናል። ከሥሩ አንጥፊለት፤ ላዩን ለነፋስ ተይው።

ሐኪም ዘምሥራቅ (8፡39)
ትክክል ብላለች። በረዶውን ባልዲው ውስጥ ጨምረሽ ውሃውን አቀዝቅዢና እሱን አፍስሺበት። የበረዶ ድንጋይ ቆዳው ላይ አታስቀምጪ። በየአምስት ደቂቃው ለኪ። 39.5 ሲደርስ ማፍሰሱን አቁመሽ አድርቂው፤ ከዚያ በኋላ ከቀጠልሽ ሙቀቱ ከሚገባው በታች ወርዶ በብርድ ይጎዳል። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ራሱን ሲያውቅና ራሱ ፈልጎ ሲመጣ፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ አቅርቢለት።

ድዱ መቅላቱ የጠበቅኩት ነው። ከነጣ ወይም ከጠቆረ ግን ደሙ በአግባቡ እየተዘዋወረ አይደለም ማለት ነው፤ ያኔ ሳትለኪ ሩጪ።

አረቄ ቤት ሰፈር (8፡41)
አረቄ መዳፉ ላይ ብታሹበት ሙቀቱን ይስባል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለ ፋርማሲ (8፡42)
ይልሰዋል፣ በቆዳውም ይገባል፤ አልኮል ለውሻ መርዝ ነው። ውሃ ካለ አረቄ ምን ያደርጋል?

ጥንቃቄ ይቅደም (8፡44)
ሙቀቱን ከለካችሁና ክትባቱ ካለ እኔም ተስማምቻለሁ። ግን የዘበኛው ነገር ይታሰብበት። ሰው ቀኑን ሙሉ ውሻው ምን እንደሆነ ካላየ ሌላ ጊዜ ሌላ በሽታ ያመልጠዋል።

የከዚራዋ (8፡52)
40.1 ሆኗል! ጭንቅላቱን አንስቶ አየኝ፤ ጅራቱንም አንዴ አንቀሳቀሰ። አሁን ከዚህ በኋላ ይበቃዋል? ሐኪም ቤት መውሰድ አለብኝ?

ሐኪም ዘምሥራቅ (8፡54)
እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አይበቃም፤ መሄድ አለበት። ብዙ ሰው ውሻውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ተነሳ፣ ዳነ ብሎ ይተወዋል። 41 ካለፈ በኋላ ኩላሊቱ፣ አንጀቱና ደሙ የሚረጋበት ሥርዓት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ብቅ የሚለው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ግሉኮስ በደም ሥሩ የሚሰጠው፣ ደሙንም የሚመረምር ሰው ያስፈልገዋል። ከተማው ውስጥ ክሊኒክ ካላገኘሽ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደንገጎን ተራራ ስትወጡ አየሩ ራሱ ያግዛችኋል። መኪና አለሽ?

የከዚራዋ (8፡56)
የጎረቤት ፒክአፕ አለ። ከኋላ ልጫነው?

ዱባይ የምኖር እህታችሁ (8፡57)
ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ብረቱ ያቃጥላል፤ ከኋላ አትጫኚው። ከፊት፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ንፋስ እየመታው ይሂድ። እኛ እዚህ በዚህ ወቅት ውሻ የምናወጣው ጎህ ሲቀድና ከምሽት በኋላ ነው። የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻልኩ ውሻው አይረግጠውም፤ መዳፉ ተልጦ ያየሁትን አልረሳውም።

ሐኪም ዘምሥራቅ (8፡58)
እሷ እንዳለችው። ከሥሩ እርጥብ ጆንያ አንጥፉለት፤ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያራግብለት፤ ቴርሞሜትሩን ይዘሽ ሂጂ። መንገድ ላይ 39.5 ከደረሰ ማርጠቡን አቁሙ። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሺ ከፍተኛው 41.3 እንደነበር፣ መቼ እንደወደቀና አንዴ እንዳስታወከ ንገሪው።

የከዚራዋ (9፡01)
ወጣን። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዶሮ አርቢ ከመተሐራ (10፡20)
ሐኪም፣ ሰዎች ስለ ውሻ ስታወሩ አይቼ ነው። ዶሮዎቼ አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን አንጠልጥለው ያለከልካሉ፤ ትናንት ሁለት ሞቱብኝ። በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት ልገዛ ነበር።

ሐኪም ዘምሥራቅ (10፡41)
አፍ መክፈትና ክንፍ ማንጠልጠል በቀን ብቻ የሚታይ ከሆነና ማታ የሚተዋቸው ከሆነ መጀመሪያ ሙቀቱን ጠርጥር። መኖውን በጠዋትና በማታ አድርገው፤ የበላ ዶሮ ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ያመነጫልና በቀትር ባዶ ሆዳቸውን ይዋሉ። ውሃው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ቶሎ ቶሎ ቀይርላቸው። ጣሪያው ላይ ጆንያ ዘርግተህ በውሃ አርሰው። ከበዙ ክፈላቸው። ማታም ካለከለኩ፣ ወይም ንፍጥና ተቅማጥ ካየህ፣ ያኔ በሽታ ነውና ለቀበሌህ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳይ።

እናት ለልጆቿ (ከምሽቱ 2፡15)
የከዚራዋ፣ ውሻው እንዴት ሆነ? ልጆቼ ሳይቀሩ እየጠየቁኝ ነው።

ነባሩ ድሬ (በማግስቱ፣ ጠዋት 1፡30)
እስካሁን ድምፅሽ የለም፤ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ተቆጥቼ ከሆነ የጻፍኩት ለውሻው ብዬ ነው።

ሐኪም ዘምሥራቅ (በማግስቱ፣ ጠዋት 2፡05)
እህቴ፣ ይህንን ስታዪው፦ ወደ ቤት መልሰውልሽ ከሆነ ሦስት ቀን በዓይንሽ ሥር ይዋል። ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከቀረ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየሽ፣ ድዱ ወይም ሆዱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ከወጣ፣ ወይም እንደገና ካስታወከ ሳታድሪ ውሰጂው። አንዴ ሙቀት የመታው ውሻ ለሁለተኛው ጊዜ በቀላሉ ይመታል።

የሳቢያን ልጅ (በማግስቱ፣ ጠዋት 2፡40)
ሐኪም፣ የወተቱን ነገር ትቼዋለሁ። የኔም ውሻ ቀን ቀን ከቆርቆሮ ሥር ነው የሚውለው፤ የአገር ውሻ ነው፣ እስካሁን ምንም አልሆነም። ዛፍ ግቢዬ ውስጥ የለም። ምን ላድርግለት?

ነባሩ ድሬ (በማግስቱ፣ ጠዋት 2፡52)
ሰንሰለቱን ፍታለት፤ ግቢህ አጥር አለው አይደል? በዚህ ወር ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ከቤቱ በስተደቡብ ካለው ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በማይመታው በኩል፣ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍርለትና አፈሩን ጠዋት ጠዋት በውሃ አርስለት። ከላይ አራት እንጨት ተክለህ ጆንያ ወጥርበት፤ ከቆርቆሮ በታች ሳይሆን በነፋስ መውጫ በኩል። ውሃውን በብረት ሳህን አታስቀምጥ፤ በሸክላ አድርገው፣ ሁለት ቦታ ላይ፤ አንዱን ቢደፋው ሌላው ይቀርለታል።