የጮቄ ተራራው ጉዞ፦ የጣሳ ድስት ዕቅድ፣ ሦስተኛ ረቂቅ (ከማኅበሩ የመልእክት ቡድን)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ባለፈው ጉዞ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ለ20 ተጓዥ 20 የጣሳ ድስት በእጃችን እንሠራለን። የ330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ባዶው 13 ግራም ገደማ ነው። ሁለተኛው ጣሳ ተቆርጦ በስፒሪት የሚነድ ምድጃ ይሆናል። አስታና ጅብራ እየቆረጥን ማንደድ ይብቃን። ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻውን ሐሙስ ይፈልጋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለው ብር ለጓንት፣ ለብርጭቆ ወረቀትና ለስፒሪት ይበቃል። ከዚያ ውጭ ሳንቲም የለም። ያላዋጣችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የቢቸናው፦ ጣሳው ከየት ነው?

ጸሐፊ፦ አንድ ሆቴል ባዶ የቢራ ጣሳ ሊሰጠን ተስማምቷል።

የሞጣዋ፦ የቢራ? ጉዞው በገና ጾም አይደለም እንዴ? የቢራ ሥዕል ባለበት ጣሳ ሽሮ አልበላም።

የቢቸናው፦ ቢራ እኮ የጾም ነው። ገብስ ነው።

የሞጣዋ፦ ጾሙን አንተ አታስተምረኝም። ፎቶ ተነስታችሁ ትለጥፉታላችሁ፣ እናቴ ታየዋለች። ነገሩ እሱ ነው።

ቆርቆሮ ሠሪው፦ ሥዕሉ በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ችግሩ ሌላ ነው። የጣሳው ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ በፒንሳ መታጠፍ አለበት። መጠጡ አሉሚኒየሙን እንዳይበላው ውስጡ ስስ ልባስ ተቀብቷል፣ ልባሱ ደግሞ ለእሳት አልተሠራም። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። ውሃ እስካለበት አይቀልጥም፣ ከደረቀ ግን አለቀለት። ሽሮ ከታች ይይዛል። ቲማቲም አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ስለዚህ ውሃ ብቻ ይፈላበት ብላችሁ ጻፉ።

የማርቆሷ፦ የለስላሳ ጣሳ ይሁንና እንለፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ የለስላሳ በነጻ የሚሰጠን ማን ነው? 40 ለስላሳ ገዝተን ልንጠጣ ነው?

የቢቸናው፦ የማልት ጣሳስ?

የሞጣዋ፦ ማልቱንም የሚጠምቀው ያው ቢራ ፋብሪካ ነው።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ጠላ ስንጠጣበት የኖርነው ምን ነበር? ጣሳ አይደለም? ያኔ ማን ጠየቀ?

የሞጣዋ፦ ጋሼ፣ እሱ የድልህ ጣሳ ነው። አይገናኝም።

ቆርቆሮ ሠሪው፦ አሜሪካ ያሉ አንዳንድ ተጓዦች ድስት የሚያደርጉት 710 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የሃይኒከን ጣሳ ነው። ሰፊ ስለሆነ አይገለበጥም። የእኛ ትንሹ ጠባብ ነው፣ ሲፈላ ይገነፍላል። ስለ ልባሱ የጻፍኩትን ያነበበ አለ?

የቢቸናው፦ አየሽ? አሜሪካኖቹም በቢራ ነው።

የሞጣዋ፦ አሜሪካኖቹ ይጾማሉ? ይልቅ አምና የወሰድከውን ድንኳን የት አደረስከው?

የቢቸናው፦ ድንኳኑን አሁን ምን አመጣው!! የቀደደው ሰው እዚሁ አለ፣ ስሙን አልጠራም።

ጸሐፊ፦ የቢቸናው ከቡድኑ ወጥቶ ነበር፣ መልሼዋለሁ። ወደ ሥራው። ናሙና ድስት ለመሥራት አራት ሰው እጁን አውጥቷል፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት።

ቆርቆሮ ሠሪው፦ ቅዳሜ ብቻዬን ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ሦስት ድስት ሠርቼ ገባሁ። አንዱን ልጄ ረግጦት ተጨፍልቋል። ጓንቱን በራሴ ብር ነው የገዛሁት።

የማርቆሷ፦ ለቅሶ ነበረብኝ።

የቢቸናው፦ እኔ እኮ ከቡድኑ የወጣሁ መስሎኝ ነው።

ጋሼ፦ የጎጃም ሰው መንገድ ሲወጣ በሶ ይቋጥራል። በሶ ምን ድስት ይፈልጋል?

የማርቆሷ፦ ማታ ትኩስ ነገር ያስፈልጋል ጋሼ። ብርዱን ረስተውታል?

ቆርቆሮ ሠሪው፦ ላይኛው ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ውሃው እዚያ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወጥ በጣም ይዘገያል፣ ስፒሪቱ ይጨርሰናል። ለሻይ ውሃ ግን ጣሳው ይበቃል።

የሞጣዋ፦ 20 ሰው 20 ቦታ እሳት ከሚያነድ ለምን አንድ ትልቅ ድስት አንይዝም? የቢራውም ጣጣ ያበቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱስ ደህና። የጽዋችን ድስት እኛ ቤት አለ። ግን ለሁለት ነው የሚነሳው። ማን ይሸከመዋል?

የቢቸናው፦ በቅሎ።

ጋሼ፦ አሁን ሰው ሆናችሁ።

የሞጣዋ፦ አጎቴ በቅሎ ያከራያል። እኔ አናግረዋለሁ።

የቢቸናው፦ ጭነት ካለ ድንኳኑም ይጫናል። አሰፍተዋለሁ፣ ግማሹን ማኅበሩ ከከፈለ።

ገንዘብ ያዥ፦ የለም።

ጸሐፊ፦ ረቡዕ ማታ ሆኗል፣ አራተኛውን ረቂቅ አስገባለሁ። ትልቅ ድስት 1፣ በቅሎ 1 ለሦስት ቀን፣ የበቅሎ ነጂ 1፣ የበቅሎ ገብስ። ምን እንደምናነድ ገና አልተወሰነም፣ ባዶ ትቸዋለሁ። ጣሳ ለሻይ መጠጫ፣ ያውም ላላፈረ። ርዕሱ «ቀላል የተጓዥ ድስት» እንዳለ ይቆይ፣ ጽሕፈት ቤቱ በዚሁ ስም መዝግቦናል።

ቆርቆሮ ሠሪው፦ የጓንቴን ብር ማን ነው የሚመልሰው?

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኝ አለህ?