ትርፌን ወደ ቀሪ ክፍያ ያዞሩብኝ አክሲዮን
ባሕር ዳር ሆኜ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ የሚያስገኙ አክሲዮኖችን እያሰባሰብሁ ነው። ክፍያው ያለቀ 60 የኢንሹራንስ አክሲዮን አለኝ፤ እሱ ችግር የለበትም። ባንክ ላይ ግን ባለ 1,000 ብር 100 አክሲዮን ፈርሜ የከፈልሁት ሩቡን፣ 25,000 ብር ብቻ ነው። ገንዘቡን ያስገባሁት ሚያዝያ 1፣ በጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ትርፉ የታሰበልኝ የ90 ቀን ነው። ይህ ተገቢ ነው። ያስቸገረኝ፣ የደረሰኝን ትርፍ ሳይጠይቁኝ ወደ ቀሪው 75,000 ብር ማዞራቸው ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው ቅርንጫፍ ወደ አዲስ አበባ አክሲዮን ክፍል መራኝ፤ ደወልሁ፣ ደብዳቤም ላክሁ፣ መልስ የለም። ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ገንዘብ ነው። ያልተከፈለውን 75 አክሲዮን ለሌላ ሰው አስተላልፌ፣ የከፈልሁትን 25 ሳላጣ፣ የከርሞውን ትርፍ በጥሬ ገንዘብ መውሰድ እችላለሁ?