የደም ሞዴል በምስር፦ ልኩ አልመጣ አለኝ (4ኛ ክፍል)

ጠመኔ

ሰላም ለሁላችሁ። ደም ከምን እንደተሠራና ምን እንደሚሠራ ለ4ኛ ክፍል ማሳየት እፈልጋለሁ። 62 ተማሪ፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ማይክሮስኮፕ የለም። ቀይ ሴል 45 ከመቶ፣ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) 55 ከመቶ እንዲሆን 450 ሚሊ ሊትር ክክ ምስር በ1 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ አድርጌ 550 ሚሊ ሊትር በእርድ የቀለመ ውሃ ጨመርኩበት። ሊትሩ አልሞላም፤ 820 አካባቢ ቆመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ምስሩ አብጦ ውሃው ደፈረሰ።

ጥያቄዎቼ፦ ልኩን እንዴት ላስተካክል? ነጭ ሴልና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው) ስንት ስንት ላድርግ? ወይስ ይሄን ሁሉ ትቼ ከቄራ እውነተኛ ደም ባመጣ ይሻላል?

ማይክሮፒፔት

ልኩ አልተሳሳተም። በምስር ፍሬዎች መካከል ያለው ክፍተት ከሰፈሩት ውስጥ 40 ከመቶ ገደማ ነው። 450 ብለው የሰፈሩት ምስር ራሱ የያዘው ቦታ 270 ብቻ ነበር፤ ሌላው አየር ነው፣ ውሃው እዚያ ገባ። 270 እና 550 ሲደመር 820።

እውነተኛው ቀይ ሴል እንደ ምስር ግትር አይደለም። ተጣጣፊ ስለሆነ በሴንትሪፊውጅ (ደምን በፍጥነት አሽከርክሮ በሚለይ መሣሪያ) ሲሽከረከር እርስ በርሱ ይታመቃል፤ ክፍተት የለውም ማለት ይቻላል። ላብራቶሪ ውስጥ ሄማቶክሪት የምንለው የዚያን የታመቀ ክፍል ድርሻ ነው። በምስር ያንን በትክክል ላምጣ ካሉ 750 ሚሊ ሊትር ምስር ያስፈልግዎታል፤ ያኔ ግን ጠርሙሱ ሦስት አራተኛው ምስር ሆኖ ይታያል፣ ልጁም የሚይዘው ያየውን ነው። ስለዚህ ለዓይን የሚታየውን ልክ ማድረግ ይሻላል። ባዶው ጠርሙስ ላይ በውሃ ለክተው 450 እና 1000 ላይ በማርከር ያስምሩ፤ ያድርቁት፤ ምስሩን እስከ መጀመሪያው መስመር፣ ፈሳሹን እስከ ሁለተኛው ይሙሉ። ፈሳሹ 730 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል።

በነገራችን ላይ 45 የአዋቂ ወንድ መካከለኛ ቁጥር ነው። በተማሪዎችዎ ዕድሜ 40 ይቀርባል። «ይሄ የእናንተ ደም ነው» ለማለት ካሰቡ መስመሩን 400 ላይ ያድርጉት።

ነጭና ፕሌትሌቱን በግምት አይጨምሩ፤ ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት። በአንድ ጠብታ ትንሽ ክፍልፋይ (1 ማይክሮ ሊትር) ውስጥ ቀይ ሴል 5 ሚሊዮን ገደማ፣ ነጭ ከ4,000 እስከ 11,000፣ ፕሌትሌት ከ150,000 እስከ 450,000 አለ። ወደ አንድ ሲቀነስ ለ650 ያህል ቀይ አንድ ነጭ፣ ለ20 ያህል ቀይ አንድ ፕሌትሌት ይደርሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) ምስር ይቆጠር። ለምሳሌ 240 ፍሬ ከወጣ፣ 450 ሚሊ ሊትር 90 ማንኪያ ስለሆነ 21,600 ቀይ ሴል አለን። ለ650 ሲካፈል 33 ነጭ፣ ለ20 ሲካፈል 1,080 ፕሌትሌት።

ለነጩ ነጭ ቦሎቄ፣ ለፕሌትሌቱ ጤፍ። የመጠን ንጽጽሩም ያስኬዳል፦ ቀይ ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር፣ ነጩ እስከ እጥፍ የሚደርስ፣ ፕሌትሌት ከ2 እስከ 3። 1,080 የጤፍ ፍሬ ሲባል ብዙ ይመስላል እንጂ ቁንጥር አይሞላም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እፍኝ ጤፍና እፍኝ ቦሎቄ ይጨምርና ልጁ ሦስቱ እኩል ናቸው ብሎ ይወጣል።

ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ ምስር፣ ቦሎቄ፣ ጤፍ፣ በመጨረሻ ፈሳሹ፣ እሱንም በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንጠባጠቡ። የረጋ ደም ሳይሆን በሴንትሪፊውጅ የተለየ ደም እንደዚያ ነው የሚታየው፦ ከታች ቀዩ፣ መካከል ላይ ስስ ነጭ ሽፋን፣ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ። ምስሩ የሚያብጠውና ውሃውን የሚያደፈርሰው ስለሚዘፈዘፍ ነው፤ መድኃኒቱ ፈሳሹን ለመጨረሻው 10 ደቂቃ ማቆየት ብቻ ነው። በደረቁ ቆጥረው ይጨርሱ።

ፈሳሹ፦ ሦስት አራተኛ ሊትር ውሃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ በአሮጌ ጨርቅ ይጠለል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩበት፤ የእውነተኛው ፕላዝማ ጨውና ስኳር ወደዚያው ነው። ከዚህ በላይ ሽንኩርት ካከሉበት አልጫ ነው።

ደም ቅዳ ደም መልስ

መጠኑ ተመልሷል፤ ስለ ሥራው ልጨምር። ጠርሙስ ደም ምን እንደያዘ ያሳያል እንጂ ምን እንደሚሠራ አያሳይም።

ሜዳ ላይ በኖራ አራት ቦታ ይሥሩ፦ ሳንባ፣ የልብ ቀኝ፣ የልብ ግራ፣ እግር። 20 ልጅ ቀይ ሴል ይሁን። ከሳንባ ቀይ ካርድ (ኦክስጅን) ይዞ ወደ ልብ ግራ፣ ከዚያ ወደ እግር፤ እግር ላይ ካርዱን ሰጥቶ ባዶ እጁን ወደ ልብ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ። አንድ ዙር ሁለት ጊዜ በልብ ያልፋል። ልብን አንድ ክብ ብቻ አድርገው ከሠሩት ልጆቹ ደም ከእግር ቀጥታ ወደ ሳንባ የሚሄድ ይመስላቸዋል፣ ያ ስህተት ደግሞ እስከ ላይኛው ክፍል አብሯቸው ይሄዳል። ዙሩን በአንድ ደቂቃ ለማድረስ ይሞክሩ፤ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ደም አካላችንን ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ወደዚያው ነው።

ሲመለሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርድ አያስይዟቸው። አብዛኛው በፕላዝማው ውስጥ ሟሙቶና ተለውጦ ነው የሚመለሰው፤ ቀይ ሴል ላይ ተጣብቆ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። ሁለት ሌሎች ልጆችን «ፕላዝማ» ብለው የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ካርድ በቅርጫት ያሸክሟቸው።

የሚመለሰውንም ደም በሰማያዊ አያሳዩ። መጽሐፍ ላይ ደም መልስ በሰማያዊ የሚሣለው ለመለየት ብቻ ነው። ኦክስጅን ያነሰው ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ክንዳችን ላይ ሥሩ ሰማያዊ የሚመስለው ብርሃን በቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ከሚሆነው የተነሣ ነው። ይሄን ሳይጠየቁ ቀድመው ይናገሩ፤ መጠየቁ አይቀርም።

ለደም መርጋት፦ የሌላ ሃይላንድ ታች ይቆረጥ፣ አፉ ወደ ታች ይዞር፣ ደረቅ ምስር ይፍሰስ። ከዚያ የሽንኩርት ከረጢት መረብ ሦስት አራት ድርብ አድርገው አፉ ላይ ይወጥሩና ይድገሙት። መረቡ ፋይብሪን (ደም ሲረጋ የሚሠራው የፕሮቲን ክር) ነው፣ ምስሩ ተይዞ ይቀራል። የሚበላሸው ቀዳዳው ሲጠብ ነው፤ የአንዳንድ ጠርሙስ አፍ ጠባብ ስለሆነ ምስሩ ያለ መረብም ራሱ ይቆማል፣ ትምህርቱም ይገለበጣል። አንገቱን ቆርጠው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፉት።

የቀይ ሴልን ቅርጽ በሊጥ ያሠሩ። ድብልብል ሊጥ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከሁለት ወገን ሲጫኑት መካከሉ ይጎደጉዳል። ምስር ይህን አያሳይም፤ ክኩ አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ነው። እንደዚያ መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም፦ ኦክስጅን የሚገባበት ገጽ ይሰፋል፣ ከራሱ በሚጠብብ ሥር ውስጥም ተጣጥፎ ያልፋል።

አባ ሰንጋ

የቄራውን ነገር ይተውት። ንጽሕናው አንድ ነገር ነው፤ በከብት ደም የሚመጣ በሽታ አለ፣ 62 ልጅ ባለበት ክፍል ጓንትም አይበቃም። ግን ሁሉ ነገር ንጹሕ ቢሆን እንኳ አይሠራልዎትም።

አንደኛ፣ ደሙ ክፍልዎ ሳይደርስ ይረጋል። ከረጋ በኋላ ላዩ ላይ የሚያገኙት ቢጫ ፈሳሽ ሴረም እንጂ ፕላዝማ አይደለም፤ ፋይብሪኖጅኑ (ወደ ፋይብሪን የሚለወጠው ፕሮቲን) መረብ ሆኖ ውስጥ ቀርቷል። እንዳይረጋ 3.8 ከመቶ ሶዲየም ሲትሬት 1 እጅ ለ9 እጅ ደም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሲትሬት ቢያገኙም የከብት ቀይ ሴል ቆሞ ሲታይ የመዝቀጥ ልማድ የለውም፤ ሰዓታት ቢያቆሙት እንኳ ለዓይን የሚሞላ ፕላዝማ አይለይም። ሴንትሪፊውጅ የግድ ነው። ሦስተኛ፣ ከበዓል የተረፈ የዶሮ ደም የሚል ሐሳብ ካለ፣ የዶሮ ቀይ ሴል ኒውክለስ (የሴል አስኳል) አለው፤ የሰው የለውም።

ኢንተርኔት ላይ የሚታየውን የሚበላ «የከረሜላ ደም»ም አልመክርም። በብዙ ቤት ደም መብላት ነውርም ኃጢአትም ነውና ልጁ ቤት ሄዶ «ዛሬ ደም በላን» ሲል ጣጣው ለእርስዎ ነው።

ጠመኔ

እግዜር ይስጥልኝ። 400 ላይ አሰምረዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ልጆቹ ሁልጊዜ «ቀይ ሥር ደም ይሆናል» ይላሉ። ምን ልመልስ? ሌላው፣ ደም የት እንደሚሠራ ስነግራቸው ቅልጥም ብል ይሆናል?

ማይክሮፒፔት

ቀይ ሥር ቀይ የሆነው በራሱ ቀለም ነው፤ የደም ቅላት ከሄሞግሎቢን (በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ፕሮቲን) ነው፣ ሄሞግሎቢን ደግሞ ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ «ምን ቀለም አለው?» ሳይሆን «ብረት አለው?» ብለው ይመልሱ፦ ጉበት፣ ሥጋ፣ ምስር፣ ሽምብራ። ከምስሩ ጋር ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲኖር ብረቱ በደንብ ይገባል፤ ከምግቡ ጋር ሻይ ወይም ቡና ሲጠጣ ይቀንሳል።

ቅልጥም ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ። ከትልቅ ከብት ቅልጥም የሚመጠጠው መቅኔ አብዛኛው ቢጫ ነው፣ ስብ ነው። ደም የሚሠራው ቀዩ መቅኔ ነው፤ በአዋቂ ሰው የጎድን፣ የዳሌና የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው። በትንንሽ ልጆች ከዚያ በበዙ አጥንቶች ውስጥ ይገኛል። አንድ ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ከዞረ በኋላ ጣፊያና ጉበት ያፈርሱታል፣ ብረቱም ተመልሶ ለአዲሱ ይውላል።

ጠመኔ

ጤፉስ? ነጭ ወይስ ቀይ?

ማይክሮፒፔት

ነጭ። ቀዩን ከጠርሙሱ ውጪ ሆነው ሲያዩት አፈር ይመስላቸዋል። ማኛ ግን አያባክኑበት።