ኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች) ስብሰባ ሄዶ የሚያውቅ ሐበሻ አለ? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሲ አጠገብ)

ሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አካውንቱ አዲስ ነው፣ ምክንያቱ ይገባችኋል። 38 ዓመቴ ነው ዲሲ ፓርኪንግ ነው የምሰራው፣ ከስራ ስወጣ ሁለት ቢራ እያልኩ ነው የጀመርኩት አሁን ግን ግማሽ ጠርሙስ ውስኪ ካልገባ እንቅልፍ የሚባል የለም። ስራ ቀርቼ አላውቅም፣ ኪራይ አሳልፌ አላውቅም፣ ሰው ፊት እንደውም ለስላሳ ነው የምጠጣው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ከልጃችን የመኪና ወንበር ስር ጠርሙስ አገኘች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ ዝም ብላ አስቀምጣው ወጣች።
የዛሬ ሁለት ዓመት አገር ቤት ሄጄ እንጦጦ ኪዳነ ምህረት 14 ቀን ጸበል ተጠምቄያለሁ፣ ለንስሐ አባቴም ቃል ገብቼ ሦስት ወር ቆየሁ ከዛ ሰርግ ላይ "ጠጅ እኮ ነው" ሲሉኝ አለቀ። አሁን ኤኤ ልሞክር ብዬ ነው ግን እንዴት ነው የሚገኘው? ይከፈላል? እንግሊዝኛዬ ለስራ ይበቃል ሆዴን ለመናገር ግን እንጃ። ደግሞ ሐበሻ ቢያየኝስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኮ ነው፣ ማታ ያየህ ሰው ጠዋት እናትህ ጋ አዲስ አበባ ደውሎልሃል።

የታክሲው፦
አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው ብሮ። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል አፕ አለ በነጻ ነው፣ ያለህበትን አይቶ ዛሬ የት በስንት ሰዓት እንዳለ ያወጣልሃል፣ የዙምም አለ። ኦፕን የሚለው ለማንም ነው፣ ክሎዝድ የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ብቻ፣ አንተ ሁለቱም ይሆንሃል። ክፍያ የለም ምዝገባ የለም፣ ቅርጫት ይዞራል ያለው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል አዲስ ሰው ባይጥልም ማንም አያይህም።
እኔ ሦስት ጊዜ ፓርኪንግ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ገባሁ፣ የቤተክርስቲያን ምድር ቤት ነው፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ተራህ ሲደርስ "ዛሬ ልስማ" ካልክ በቃ ያልፉሃል፣ እኔ አንድ ወር ሙሉ ስሜን ብቻ ነው የተናገርኩት። አንዳንዱ ጠጥቶ ሲነዳ (ዲዩአይ) ተይዞ ዳኛ ልኮት መገኘቱን ወረቀት የሚያስፈርም ነው፣ እሱም ይቀመጣል አንተም ትቀመጣለህ።
ሐበሻውን በተመለከተ አልዋሽህም አንድ የማውቀው ሰው በሁለተኛው ወር በበር ሲገባ አየሁት። ከኔ እሱ ነው የደነገጠው ሃሃ። አሁን መኪናው ሲበላሽ እኔ ነኝ የማመጣው።

ሲስተር፦
ወንድሜ አንድ ነገር ሳትመልስልኝ እንዳትሄድ። ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል? ያልብሃል? አንድ ቀን ሳትጠጣ ስትቀር ልብህ ይመታል? አዎ ከሆነ በራስህ ድንገት እንዳታቆም፣ መጀመሪያ ሀኪም። ነርስ ነኝ፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም በመጀመሪያው ሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል ነገር ሊይዘው ይችላል፣ ከዛም መቃዠትና ግራ መጋባት ሊመጣ ይችላል፣ ይገድላል። ጸበልም ቢሆን፣ ሱባኤም ቢሆን፣ ኤኤም ቢሆን ሰውነቱ አይለይም። ሀኪም ለጥቂት ቀን መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጥሃል፣ ፍላጎቱን የሚቀንስ ናልትሬክሶን የሚባል ክኒንም አለ። የጣለህ ወይ የሌለ ነገር ያየህ ቀን 911 መደወል ነው ይሉኝታ የለም።

ካዛንቺስ፦
ይሄ ኤኤ የፈረንጅ ሃይማኖት አይደለም እንዴ? "ከፍ ያለ ኃይል" ምናምን ሲሉ ሰምቼ። ጸበሉ ያልያዘህ ሰርግ ቤቱን ስላልተውክ ነው እኔን ከጠየቅክ።

የታክሲው፦
@ካዛንቺስ "እንደተረዳነው አምላክ" ነው የሚሉት፣ የኔ መድኃኔዓለም ነው ማንም ቀይር አላለኝም። ሰርግ ቤቱ ያልከው ግን ልክ ነህ። እኔም እንደሱ ጸበል ስወጣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ሰርግ ቀን ደውዬ "እጄ ላይ ብርጭቆ አለ" የምለው ሰው አልነበረኝም፣ እዚህ ስፖንሰር የሚሉት እሱ ነው። ንስሐ አባት በለው ግን የጠጣ ንስሐ አባት ሃሃ። ደግሞ 1935 ኦሃዮ ውስጥ ሲጀመር ሁለት ሰካራሞች ሆነው ነው፣ ደንባቸውም ሁለት ሦስት ሆነው ከተሰበሰቡ ቡድን ነው ይላል። ሁለት ወይም ሦስት የሚለውን የት እንደምናውቀው ታውቃለህ።

ሚስትየዋ፦
ስለ ባለቤትህ ማንም አላነሳም። ዝም ብላ ወጣች ያልከውን እኔ አውቀዋለሁ፣ ጮኼ ጮኼ ነው እዛ የደረስኩት። አል አኖን የሚባል ለቤተሰብ የሆነ አለ፣ 1951 ከኤኤ መስራቾች የአንዱ ሚስት ከጓደኛዋ ጋር ያቋቋመችው ነው። ግን አንተ አትላካት፣ ራስህ ሂድና ስሙን ብቻ ንገራት።

ሌሊት ፈረቃ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። @ሲስተር አዎ ይንቀጠቀጣል፣ ሰኞ ሀኪም ጋ ሄድኩ፣ እውነቱን ስነግረው ስንት ጠርሙስ እንደሆነ ቀንሼ ነበር መጨረሻ ላይ ግን አስተካከልኩት። መድኃኒት ጀምሬያለሁ።
ትላንት ማታ ስብሰባው ፓርኪንግ 20 ደቂቃ ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት ከመኪናዋ የሚታጠፍ ወንበር እያወረዱ "ወጣቱ እርዳኝ እስቲ" አሉኝ፣ ምን ልበል፣ አራት ወንበር ተሸክሜ ገባሁ። የወንበሩ ሰውዬ ነው የመሰልኳቸው መሰለኝ። ምንም አልተናገርኩም። ቡናቸው ግን አይጠጣም፣ ሐሙስ ጀበና ይዤ ብሄድ ነውር ይሆናል?