የፍጻሜ ውድድር የሮጠ ሰው አለ? መጨረሻው ዙር ላይ ውስጡ ምን ይመስላል?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። የ2024ቱን የፓሪስ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር የወንዶች ፍጻሜ ያየነው እዚሁ ፒያሳ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ። ሰለሞን ባረጋ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና በሪሁ አረጋዊ እየተፈራረቁ ሲመሩ አመሹ። ወርቁን ግን ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌይ ወሰደው። በሪሁ ብር፣ ዮሚፍ 6ኛ፣ ሰለሞን 7ኛ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ "ጉልበት አለቀባቸው" ሲል አመሸ፣ እስከ ዛሬም ወሬው አላለቀም። እኔ ተቀምጦ መፍረድ ቀላል ነው ባይ ነኝ። በትልቅ ውድድር ፍጻሜ የሮጠ እዚህ ካለ እስኪ ይንገረን። የአክስቴ ልጅም ሩጫ ጀምሯል፣ ለወሬ ብቻ አይደለም የምጠይቀው።

ስፓይክ፦
እኔ ልጅ እያለሁ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የ5 ሺህ ፍጻሜ ሮጫለሁ። 11ኛ ነው የወጣሁት፣ ስለዚህ ስሜን ብነግራችሁም አታውቁኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ሽጉጡ ሲተኮስ እንዳይመስላችሁ። ከውድድሩ በፊት ሯጮች የሚሰበሰቡበት ኮል ሩም የሚሉት ክፍል አለ። ስልክ ይዞ መግባት የለም። ዳኛዋ ጫማህን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ሹል የስፓይክ ጥርስ ትለካለች፣ ከ9 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ቁምጣህ ጎን ላይ ደግሞ ለፎቶ ፊኒሹ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ማን እንደቀደመ ለሚለየው ካሜራ፣ የሚሆን ቁጥር ይለጠፋል። የእኔው ገና ሳንወጣ በላብ መላጥ ጀመረ፣ በመዳፌ ተጭኜው ቁጭ አልኩ። ፊት ለፊቴ ያለው ኬንያዊ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ ያስራል፣ ደግሞ ይፈታል። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ስታሟሙቀው የቆየኸው ሰውነትህ እዚያው ይቀዘቅዛል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ብዙ ጊዜ "ጉልበት አለቀበት" የምትሉት ሰው ቦታ ያጣ ሰው ነው። ከውስጥ በኩል ከሆንክ ፊትህም ሰው፣ ጎንህም ሰው፣ ታጥረሃል፤ እግርህ እሺ እያለህ መውጫ የለህም። ልውጣ ካልክ ደግሞ ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ዙር ሙሉ መሮጥ ወደ 7 ሜትር ተኩል ይጨምርብሃል። አሁን የፓሪሱን ሰዓት እየው። ቼፕቴጌይ 26፡43.14፣ በሪሁ 26፡43.44፣ ሦስተኛ የወጣው አሜሪካዊው ፊሸር 26፡43.46፣ ሰለሞን 26፡44.48። ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ሰከንድ ተኩል እንኳ አይሞላም፣ በርቀት 10 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ በበሪሁና በፊሸር መካከል ያለው ደግሞ ስንዝር አይሞላም። ይህ ሁሉ ከ25 ዙር በኋላ እኮ ነው። አንዱ በክርኑ ገፋ አድርጎህ አንዲት እርምጃ ከሰበረብህ ከሜዳሊያ ወደ ዲፕሎማ ወረቀት ወረድክ ማለት ነው።

አራዳው፦
ሰበብ አታብዛ ወንድሜ። ሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ፣ 10 ሺህ ላይ ኬንያዊው ቴርጋት ኃይሌን ጥሎት ሊሄድ አልነበር? ኃይሌ መስመሩ ላይ ደርሶ በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። አጨራረስ ያለው ሰው መውጫ አያጣም።

ስፓይክ፦
ኃይሌ ከውጭ በኩል ነበር፣ ፊቱ ክፍት ነው። ደግሞስ የኃይሌን አጨራረስ ለስንቱ ሰጠው? እንዳንተ ከሆነ ለሜቻ ግርማን ምን ልንለው ነው? የ3 ሺህ መሰናክል የዓለም ሪከርድ፣ 7፡52.11፣ የሱ ነው። ዶሃ 2019 የዓለም ሻምፒዮና ላይ ወርቁን ያጣው በ0.01 ሰከንድ ነው። ፓሪስ ላይ መጨረሻው ዙር መሰናክሉ ጠልፎ ጣለው፣ በቃሬዛ ወጣ። እሱም ፍጥነት አንሶት ነው?

አራዳው፦
ለሜቻንስ አትንካብኝ፣ ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ግን ሦስቱ ሲመሩ ያመሹት ለሰው ነው የለፉት። ይቺን አልለቅም።

የአዘዞ አሰልጣኝ፦
ልጆች፣ ዙሩን ያፈጠኑት ዝም ብለው አይደለም። ከፓሪስ በፊት በነበረው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሩጫው ቀርፋፋ ነበር፣ ሰለሞን 27፡43 ገብቶ ነው ወርቅ ያመጣው፣ ቼፕቴጌይንም ሌላውን ኡጋንዳዊ ኪፕሊሞንም በመጨረሻው ዙር በላቸው። ስለዚህ ፓሪስ ላይ ማንም ያንን አጨራረስ እየጠበቀ ነው የመጣው። የኛዎቹ አፍጥነው ሊበትኗቸው ሞከሩ። አልተበተኑም። 13 ሰው ከ27 ደቂቃ በታች ገባ! ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፣ የተሰለፉት ተፎካካሪዎች ከበዷቸው እንጂ።

ስፓይክ ስለ ቦታ ያለው ግን ልክ ነው፣ እኛም ጋ ያለው ችግር ይኸው ነው። የጎንደር ልጅ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያደገው፣ ወደ ጎሃ የሚወስደውን ዳገት አስወጣዋለሁ፣ ትንፋሹ ንቅንቅ አይልም። የሚሮጠው ግን ብቻውን ነው። ክልል ውድድር ወስጄው መጀመሪያ ክርን ሲነካው ዞር ብሎ ይቅርታ የጠየቀ ልጅ አለኝ፣ እሱ ይቅርታ ሲል አራት ሰው አለፈው! አሁን ስድስት ሰባት ሆነው ጠባብ መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይሮጣሉ፤ ፊሽካ ስነፋ መሐል ያለው ማንንም ሳይገፋ መውጣት አለበት። መጀመሪያ ሰሞን ይወዳደቃሉ። ቀስ እያሉ ሳይነኩ ክፍተት ማየት ይለምዳሉ። ጉልበት ከምጨምርላቸው ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

የፒያሳ ልጅ፦
አሰልጣኝ እግዜር ይስጥልን። የአክስቴ ልጅ 1500 ነው የሚሮጠው፣ ሁልጊዜ ከኋላ ሆኖ ይጀምርና መጨረሻ ላይ መውጫ አጣሁ እያለ ይመጣል። ይዤው ብመጣ ይቀበሉታል?

የአዘዞ አሰልጣኝ፦
አምጣው እንጂ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት አዘዞ ስትደርሱ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቦታውን እነግርሃለሁ። የስፓይክ ጫማ አያስፈልገውም፣ ተራ ጫማ ይበቃዋል። ጠግቦ እንዳይመጣ ብቻ።