ለመንዝ ገጠር የሶላር መብራት፦ በነፃ ወይስ በክፍያ?

የመንዙ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ሲሆን፣ አሁን አዲስ አበባ የምንኖር ጥቂት የአካባቢው ልጆች ለ40 አባወራዎች የሶላር መብራት ለማስገባት ገንዘብ እያዋጣን ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ነጋዴ በርካሽ የሸጠላቸው ዕቃ ነበር፤ የእናቴ ሁለተኛውን ክረምት አልተሻገረም። ለጥምቀት ስሄድ ኩራዙ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ፓነሉ ደግሞ ደጅ ላይ ተጋድሞ ብቅል ተሰጥቶበታል። ሰዉም «ሶላር አይረባም» ብሎ ደምድሟል። ምን ዓይነት ዕቃ ብንገዛ ይበረክታል? በነፃ ብንሰጥስ ይሻላል ወይስ ቤተሰቡ የተወሰነ ይክፈል?

ገጣሚው፦
የሶላር ዕቃ በመግጠም ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። የእናትዎ ፓነል ዛሬም ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ፓነል 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላልና በኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር ያስለኩት። ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ (እንደ መኪና ባትሪ ያለው የተለመደው ዓይነት) በየቀኑ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከብድ የሚሆነውም ይኸው ነው። በዚያ ላይ ቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም የባትሪውን መሙላትና መውረድ የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ባትሪውን ለማዳን መብራቱን ሲቆርጠው፣ ሽቦውን ነቅለው ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያገናኙ ብዙ ቤቶች ገጥመውኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ 3 ዋት አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 60 ዋት ሰዓት (የአምፖሎቹ ዋት በሰዓቱ ተባዝቶ) ይፈጃሉ፤ ሁለት ስልክ ሲጨመር ወደ 85 ይጠጋል። ባለ 50 ዋት ፓነል በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ካገኘ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 175 ገደማ ይሰጣል፤ በክረምት በግማሽ ቢወርድ እንኳ ይበቃል። ሻጩ «ባለ 30 ዋት ይበቃዎታል» ካለ የሚነግርዎት ስለ ጥቅምት እንጂ ስለ ነሐሴ አይደለም። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሲገዛ ይወደዳል፣ ነገር ግን ውኃ አይጠይቅም፣ ዕድሜውም የሊድ አሲዱን ብዙ እጥፍ ነው።

እቁብተኛዋ፦
በነፃ መስጠቱን አልደግፍም። በባንግላዴሽ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው መርሐ ግብር ከ4 ሚሊዮን በላይ የቤት ሶላሮች ተተክለዋል፤ ቤተሰቡ ጥቂት ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በየወሩ ይከፍል ነበር፣ ባትሪውም የአምስት ዓመት ዋስትና ነበረው። ኋላ ግን የመብራት መስመሩ እየተስፋፋ፣ መንግሥትም በሌላ ፕሮግራም ሶላር በነፃ ማደል ሲጀምር፣ የሚገዛው ሰው ቀነሰ፤ የገዛውም ዕዳውን መክፈል አቆመ። ጎረቤቱ በነፃ ሲያገኝ እያየ ማን ይከፍላል?

በኬንያ ቤተሰቡ የሶላሩን ዋጋ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ በስልክ ገንዘብ የሚከፍልበት አሠራር ጥሩ ነው፤ ለመንዝ ገበሬ ግን እንዳለ አይገለበጥም። ገብሱ ተወቅቶ ብር የሚገባው ታኅሣሥና ጥር ላይ ስለሆነ፣ ክፍያውን በዓመት አንዴ ከምርት በኋላ ብታደርጉት ይሻላል። ዛሬ ለነጭ ጋዝና ገበያ ወርዶ ስልክ ለማስሞላት የሚያወጡትን ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ያልበለጠ መዋጮ ወስኑ። ገንዘቡ ወደ እናንተ አይመለስ፤ በእድሩ እጅ ሆኖ የባትሪ መለወጫና የአንድ ሠልጣኝ ልጅ አበል ይሁን።

የመንዙ ልጅ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በተሻለው ባትሪ ሲሰላ ያለን ገንዘብ ለ26 ቤት ብቻ ይበቃል፤ እድሩም ቅደም ተከተሉ እንደ እቁብ በዕጣ ይሁን ብሏል። አንዳንዱ አኩርፏል፣ በተለይ ከመንገዱ ራቅ ብለው የሚኖሩት። የእናቴን ፓነል ወንድሜ ብቅሉን አንሥቶ፣ ጠርጎ፣ ቀትር ላይ ለክቶታል፤ 20 ቮልት አሳይቷል።

ገጣሚው፦
እንግዲያው ለእሳቸው ባትሪና ኮንትሮለር ብቻ ይግዙ። ወንድምዎ ግን አምፔሩንም (የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ መጠን) ይለካ፤ ቮልቱ ብቻውን ያታልላል።