ዓለም አቀፍ ልማት ለማጥናት ስለወሰነችው ልጅ፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጃቸው ዓለም አቀፍ ልማትን በዋና የትምህርት ዘርፍነት ለማጥናት መወሰኗን ገልጸው ሐሳብ እንድንሰጣቸው የጠየቁን እህታችን አሉ፤ እኔም በዚሁ ሙያ ውስጥ ያለሁ በመሆኔ የማውቀውን ለመጻፍ ወደድሁ። ልጅዎ ትማረው እላለሁ፤ ብቻውን እንዳትማረው ግን አደራ እላለሁ።

ትምህርቱ ኢኮኖሚክስን፣ ፖለቲካን፣ ታሪክንና አንትሮፖሎጂን አንድ ላይ አምጥቶ፣ አንዱ ሀገር ሲበለጽግ ሌላው ለምን በድህነት እንደሚቆይ፣ ይህን ለመለወጥ የተደረጉ ጥረቶችም ለምን እንደሠመሩ ወይም እንደከሸፉ ይመረምራል። የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለብድር በቅድመ ሁኔታነት ያስቀመጡት የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም በብዙ ሀገራት የመንግሥትን ወጪ እንዴት እንዳስቀነሰ፣ በኢኮኖሚክስ ሊቃውንቱ በማህቡብ ኡል ሃቅ መሪነትና በአማርትያ ሴን አጋዥነት በ1990 ይፋ የሆነው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ከገቢ በተጨማሪ ዕድሜንና ትምህርትን ለምን እንደሚቆጥር ትማራለች። አብሂጂት ባነርጂ፣ አስቴር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙበት የጥናት ስልት፣ ማለትም ሰዎችን በዕጣ በቡድን ከፍሎ የአንድን ፕሮግራም ውጤት ማነጻጸር፣ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥና ለየትኛው እንደማይሰጥም ትከራከራለች። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ አስተሳሰብን ይህን ያህል የሚያሰፋ ትምህርት ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ያለው ከምረቃ በኋላ ነው። አንድ የውኃ ወይም የሥነ ምግብ ፕሮጀክት ሠራተኛ ሲቀጥር የሚፈልገው የውኃ መሐንዲስ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ወይም መረጃ መተንተን የሚችል የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነው፤ ስለ ልማት በጥልቀት ማሰብ የሚችል፣ እጁ ላይ ግን የተለየ ሙያ የሌለው ተመራቂ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ይቀራል። ስለዚህ ከስታቲስቲክስ፣ ከሕዝብ ጤና፣ ከግብርና ኢኮኖሚክስ ወይም ከሂሳብ አያያዝ አንዱን አጣምራ ብትይዝ እጅግ ይጠቅማታል።

ይህ ምክር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድ በ2025 ሥራውን አቁሞ የቀረው ክፍል ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ተዛውሯል። ብሪታንያም ከጥቅል ብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ የነበረውን ዕርዳታ በ2021 ወደ 0.5 ዝቅ ካደረገች በኋላ፣ በ2027 ወደ 0.3 እንደምታወርደው አስታውቃለች። በዚህ ምክንያት የዓመታት ልምድ ያላቸው ሰዎች ከአዲስ ተመራቂዎች ጋር ለተመሳሳይ ቦታ ይወዳደራሉ።

በውጭ ሀገር ለምንኖር ቤተሰቦች የዜግነት ጉዳይም በጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ያለው፣ ጀማሪ ባለሙያዎችን የሚቀጥረው የጁኒየር ፕሮፌሽናል ኦፊሰር መርሐ ግብር ወጪው በለጋሽ መንግሥታት የሚሸፈን በመሆኑ በአብዛኛው ለእነርሱ ዜጎች የተከለለ ነው፤ የመንግሥት የልማት መሥሪያ ቤቶችም ብዙ የሥራ መደባቸውን ለዜጎች ብቻ ይከፍታሉ። ልጅዎ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላት ከሆነ ይህንን ከወዲሁ ማወቅ አለባት። ከቤት የተማረችው ቋንቋ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ቀጣሪ ዋጋ የሚሰጠው ሪፖርት ለማንበብና ለመጻፍ ለሚያበቃ ችሎታ ስለሆነ፣ መናገር ብቻውን በቂ እንዳይመስላት።

ዩኒቨርሲቲ ስትመርጥ ትምህርት ክፍሉን ስታቲስቲክስ ግዴታ መሆን አለመሆኑን፣ ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች አሁን ምን እንደሚሠሩ፣ የመስክ ልምምድ ካለም ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ትጠይቅ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት ሴክሬታሪያት (የድርጅቱ ዋና ጽሕፈት ቤት) ለተለማማጆች ደመወዝ አይከፍልም፣ ትልልቆቹ ቢሮዎቹ ያሉትም ኑሮ በተወደደባቸው እንደ ኒው ዮርክና ጄኔቫ ባሉ ከተሞች ስለሆነ፣ ለእነዚያ ወራት የሚሆን ገንዘብ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መቆጠብ ቢጀመር መልካም ነው።